ቀበሮ የጠፋበት እንግዳ

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ወደ ጉና የሚወጣ የቀይ ቀበሮ ቆጣሪ ዳገቱን እንደምንም ይወጣዋል፤ የሚከብደው የመጣበትን ጉዳይ ማስረዳቱ ነው። የገብሱንና የድንቹን ማሳ አልፎ ጓሳና ጅብራ ካለበት ሲደርስ እረኛ ያገኛል። ሰላምታው ካለቀ በኋላ “ለመሆኑ ምን ጠፍቷችሁ ነው?” መባሉ አይቀርም። “ቀበሮ” ብሎ መመለስ ድፍረት ይጠይቃል። በግ አርቢ ቀበሮ ሲጠፋለት ተመስገን ይላል እንጂ ነዳጅ ሞልቶና ድንኳን ጭኖ ሊፈልገው አይወጣም። ቀይ ቀበሮ የሚኖረው በአብዛኛው በአይጥ ነው ቢባልም የእረኛውን ፈገግታ አያጠፋውም። እኔ ግን ሽቅብ ከተጫነው መሣሪያ ሁሉ የሚበልጠው ይኸው በእንግዶቹ የሚስቀው እረኛ ነው ባይ ነኝ።

በስዊድንና በኖርዌይ ሊንክስ የሚባለውን የጫካ ድመት የሚቆጥሩ ሰዎችን በረዶው ያግዛቸዋል፤ አውሬው ሌሊት የሄደበትን ጠዋት ከዱካው ያነባሉ። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ አለው፣ ብርዱም ከማንም አያንስም፤ ሆኖም የሚጥለው በረዶ ጠጠር ነው፣ ውርጩም ፀሐይ ሲያየው ይጠፋል። ስለዚህ ካሜራ ይጠመዳል። ካሜራ አድልዎ የለውም፣ ያለፈውን ሁሉ ያነሣል፤ በጉና የሚያልፈው ግን በአመዛኙ በግ ነው። እንዲያው ለሂሳቡ ያህል፣ ካሜራው ቀበሮውን በአንድ ቀን የማግኘት ዕድሉ ከ10 አንድ ነው እንበል። 10 ቀን ቆይቶ ቀበሮው በሠፈሩ እያለ ሳያየው የመቅረት ዕድሉ ከመቶ 35 ገደማ ነው፤ ይህን ከመቶ 4 ላይ ለማውረድ 30 ቀን ያስፈልጋል። የቆጣሪው የውሎ አበል ግን ያን ያህል አይዘልቅም። ወርዶ “አልታየም” ብሎ ይጽፋል፤ አለቃው “የለም” ብሎ ያነበዋል። እረኛው ደግሞ ያለ አበል ዓመቱን ሙሉ እዚያው ነው።

እረኛ ቀይ ቀበሮን ከተራው ቀበሮ አይለይም የሚሉ አሉ፤ ስጋቱ ከንቱ አይደለም። ከጋይንትና ከእስቴ ደጋ የመጣ ወሬ ጆሮ ሊሰጠው ይገባል፤ ከስማዳ ቆላ የመጣው ግን የተራው መሆኑ አይቀርም፤ ቀዩ ከ3,000 ሜትር በታች ብዙም አይወርድምና። መፍትሔው አጠያየቁ ላይ ነው። “ቀይ ቀበሮ አለ?” የተባለ ጨዋ ሰው እንግዳን ላለማሳዘን “ሞልቷል!” ይላል፤ መሬቴን ሊከልሉብኝ ነው ብሎ የሰጋው ደግሞ “ምን ቀበሮ?” ይላል። እግሩ ረጅም ነው አጭር? የጅራቱ ጫፍ ምን ይመስላል? በጠራራ ፀሐይ አይጥ ሲያድን ታይቷል? ብሎ ሰዎችን ለየብቻ የጠየቀ ግን እውነቱን ከጨዋነቱ ለይቶ ያገኛል። ከዚያ ኩሱን ፈልጎ የአይጥ ፀጉርና ጥርስ ይኖርበት እንደሆነ ማየት ነው፤ ለተማረ ሰው ክብር የማይመጥን ሥራ መሆኑን አልክድም።

ተመራማሪዋ ሆርሄሊና ማሪኖ እ.ኤ.አ. በ2003 ያሳተሙት ጥናት፣ ቀይ ቀበሮ ተነጣጥሎ ከቀረባቸው ሰባት ሥፍራዎች አንዱ ጉና መሆኑን አስፍሯል። በኋላ የወጡ ዝርዝሮች ስድስት ብቻ ይዘዋል፤ የተሰረዘው ጉና ነው። ታዲያ ከጠፋ ወዲያ እረኛ መጠየቅ ምን ይረባል? ይባል ይሆናል። እንዲያውም ዋናው ጥቅሙ ያኔ ነው። ካሜራ ከተተከለበት ቀን በፊት የሆነውን አያውቅም፤ እረኛው ግን የመጨረሻውን መቼ እንዳየ ሲጠየቅ “የበኩር ልጄ ክርስትና የተነሣ ዓመት” ይላል፤ ያ ዓመት ደግሞ ተቆጥሮ ይደረስበታል። የብዙ ሰው መልስ ተራርቆ ከተገኘ፣ እርሻው ሽቅብ በገፋ ቁጥር ቀበሮው እያነሰ ሄዷል ማለት ነው። ሁሉም አንድ ክረምት ላይ ከገጠመ ግን በሽታ ያስጠረጥራል፤ በባሌ እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ2003 ከውሻ የተዛመተ የእብድ ውሻ በሽታ ቀይ ቀበሮን ፈጅቷል። ስለዚህ ቀጣዩ ጥያቄ “ስንት ውሻ አላችሁ?” መሆኑ ግድ ነው፤ እስካሁን ሲስቅ የነበረው እረኛም ስለ ግብር ማሰብ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።