ለክቡር ሲስተም፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ እንደ እርስዎ መጥፋት እንዲፈቀድልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ያለ ምክንያት ከሥራ ቀርቶ ደመወዝ የማይቆረጥበት፣ ማስጠንቀቂያ የማይጻፍበት፣ ሐሜት እንኳ የማይወራበት ሠራተኛ ከእርስዎ በቀር አላውቅም። ባለጉዳይ መስኮት ላይ ቆሞ "ኃላፊው የለም" ቢባል "የት ሄደ? መቼ ይመጣል? ተወካይ የለውም?" ብሎ ያፋጥጣል። ፀሐፊዋ የለችም ቢባል ቅሬታ ሰሚ ፍለጋ ደረጃ ይወጣል። "ሲስተም የለም" ሲባል ግን ፋይሉን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወንበር ይፈልጋል፤ ወንበር ካጣም ግድግዳ ይደገፋል። እርስዎን "ለምን?" ብሎ የሚጠይቅ የለም።

እኔ እርስዎ በሚያገለግሉበት መሥሪያ ቤት የአይቲ ባለሙያ ነኝ። ስሜን የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ "ያ ረጅሙ" ይሉኛል። ቁመቴ ላይ ደግሞ ዝምተኛነት ተደርቦብኛል። ሁለቱ አንድ ሰው ላይ መዋል እንዳልነበረባቸው የሚገባው የደረሰበት ብቻ ነው። ዝምተኛ ሰው ጥግ ይፈልጋል፤ 1 ሜትር ከ96 ግን ጥግ ውስጥ አይገባም። ከለቅሶ ድንኳን ሹልክ ብዬ ልውጣ ብል ጎንበስ ማለቴ ራሱ ይታያል። ስብሰባ ላይ ከኋላ ብቀመጥ መድረክ መሪው "እስቲ ያ ከኋላ ያለው ረጅሙ ልጅ ሐሳብ ይስጠን" ይላል። አጠገቤ የተቀመጡት አጫጭሮች ግን እስከ ሻይ ዕረፍት በሰላም ያንቀላፋሉ።

ጠዋት የምሳፈረው ሚኒባስ ነው። ጋቢና ካልተገኘ ጉልበቴን ከፊቴ ባለው ተሳፋሪ ወገብ ላይ ተክዬ እሄዳለሁ፤ እሱንስ ለምጄዋለሁ። ያልለመድኩት "ወራጅ አለ" ማለትን ነው። የአዲስ አበባ ታክሲ የመውረጃ ደወል የለውም፤ መውረድ የፈለገ ሰው የግል ጉዳዩን ለማያውቃቸው ሰዎች በከፍተኛ ድምፅ ማወጅ አለበት። እኔ ሌላ ሰው እስኪያውጅልኝ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ ያለፍኩትን መንገድ በእግሬ እመለሳለሁ። እግሬ መርዘሙ የሚጠቅመኝ እዚህ ላይ ብቻ ነው። ሳልጠይቀው የቀረሁት መልስ ቢጠራቀም ደግሞ ረዳቶቹ እስካሁን የራሳቸውን ታክሲ በገዙ ነበር።

በአፕ ልጥራ ብልም አላመልጥም። ያለሁበትን ነጥብ ካርታው ላይ አስቀምጣለሁ። ከላይ የሚዞሩት ሳተላይቶች የት እንደቆምኩ ለሹፌሩ ነግረውታል። እሱ ግን ይደውላል፤ "የት ነህ ወንድሜ?" ከእኔ አፍ ካልሰማ አይወጣለትም።

ቢሮ ስደርስ ሰላምታ ይጠብቀኛል። እንዴት አደርክ፣ ደህና ነህ፣ ሰላም ነው፣ ቤተሰብ እንዴት ነው፣ ጠፋህ እኮ! ይህን የሚሉኝ ትናንት ማታ በር ላይ የተሰነባበትኳቸው ሰዎች ናቸው። ለእያንዳንዱ ጥያቄ "እግዚአብሔር ይመስገን" እያልኩ ኮሪደሩን ስጨርስ የቀኑ ቃሌ ያልቃል።

እርስዎ ጋ ይሄ ሁሉ የለም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1983 ማይክ ሙስ የሚባል አሜሪካዊ የኮምፒውተር ባለሙያ ፒንግ የምትባል ትንሽ ፕሮግራም ጻፈ። አንዱ ማሽን "አለህ?" ይላል፣ ሌላው "አለሁ" ይላል፣ መልሱ የፈጀው ጊዜ በሚሊሰከንድ ይመዘገባል፤ በቃ። ስለ ዘይት ዋጋ አይነሳም፤ "መቼ ነው የምታገባው?" አይባልም። ለእኔ ከዚህ የበለጠ የሠለጠነ ሰላምታ እስካሁን አልተፈጠረም። ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ መጀመሪያ የማደርገውም ሰርቨሮቹን አንድ በአንድ ፒንግ ማድረግ ነው። ባልደረቦቼ ለእነሱ በግድ የምሰጠውን ሰላምታ ለብረት ወድጄ እንደምሰጥ ቢያውቁ ይቀየሙኛል።

ከመሥሪያ ቤቱ ሁሉ የምወደው የሰርቨር ክፍሉን ነው። ማራገቢያው ስለሚጮህ ወሬ አይሰማበትም፤ ኤሲው ስለሚያቀዘቅዝ ሰው አይቆይበትም፤ በሩም ቁልፍ አለው። ግንቦት ላይ ወፍራም ሹራብ ይዤ ቢሮ ስገባ "አሞሃል እንዴ?" የሚሉኝ ለዚህ ነው። ማውዝም አልወድም፤ ጥቁር ስክሪን ላይ ትእዛዝ መጻፍ ይሻለኛል። ጥቁሩ ስክሪን ሌላም ጥቅም አለው፤ ወሬ ሊያወራኝ የመጣ ሰው ሲያየው "ሃክ እያደረግክ ነው እንዴ?" ብሎ ይመለሳል። የምጽፍበት ቪም ነው፤ ኔዘርላንዳዊው ብራም ሞሌናር እ.ኤ.አ. በ1991 ለሕዝብ ያወጣው፣ በነጻ ሰጥቶ "ወዳችሁ የምትሰጡት ካለ ለኡጋንዳ ሕፃናት ስጡ" ያለበት ፕሮግራም። ቪም ውስጥ ገብቶ መውጫው የሚጠፋው ሰው በዓለም ሁሉ አለ። እኔን መውጫው የሚጠፋኝ ከቡና ነው። አቦሉን ጠጥቼ ልነሳ ስል ቶና አለ ይሉኛል፤ ከቶና በኋላ ደግሞ "በረካን ትቶ የሚነሳ ምን ዓይነት ሰው ነው?"

ክቡር ሆይ፣ ዝናዎ አገር ውስጥ ብቻ እንዳልሆነም አውቃለሁ። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በሚካኤል ዕለት፣ ክራውድስትራይክ የተባለው የሳይበር ደኅንነት ኩባንያ የላከው አንድ የተበላሸ ማሻሻያ 8.5 ሚሊዮን ያህል የዊንዶውስ ማሽኖችን በሰማያዊ ስክሪን አስቀራቸው። በረራ ተሰረዘ፣ ሆስፒታልና ባንክ ተስተጓጎለ። ያን ቀን ዓለም ሁሉ የእኛን መስኮት ቋንቋ ተናገረ። መድኃኒቱ ደግሞ በብዙ ቦታ አንድ ሰው በአካል ማሽኑ ድረስ ሄዶ፣ በሴፍ ሞድ አስነስቶ፣ አንድ ፋይል መሰረዝ ነበር። ዜናውን ሳነብ ያዘንኩት ለአየር መንገዶቹ አይደለም፤ በየጠረጴዛው ሥር ለሚንበረከኩት ረጃጅሞች ነው።

የእኛ ቢሮ ጠረጴዛዎች ሥር ምን እንዳለ ልንገርዎ? ዲቫይደር አለ። "ሲስተሙ ሞቷል፣ ቶሎ ድረስ" ተብዬ ተጠርቼ፣ ታጥፌ ገብቼ፣ ጭንቅላቴን ከመሳቢያው አጋጭቼ የማገኘው ብዙውን ጊዜ ስልክ ቻርጅ ሊያደርግ የፈለገ ሰው የነቀለውን ገመድ ነው። ገመዱን እሰካለሁ። ከዚያ መዝገቡ ላይ "የሲስተም ችግር ነበር፤ ተፈትቷል" ብዬ እፈርማለሁ። በዚህ ስምዎን ማጥፋቴን አልክድም፤ ግን እውነቱን ብጽፍ ወሬ ይመጣል፣ ከወሬ ደግሞ እርስዎ ይሻሉኛል።

አሁን ወደ ምስጢራችን ልግባ። "ሲስተም የለም" ከሚባልበት ጊዜ አብዛኛውን እርስዎ አሉ። በእውነት የሚጠፉበት ቀን እንዳለ አልረሳሁም፤ መንገድ የሚቆፍር ማሽን ፋይበሩን ሲበጥሰው፣ ወይም መብራት ሄዶ ጄኔሬተሩ ናፍጣ ሲያጣ። ከዚያ ውጭ ግን መስኮት 4 ላይ ሰልፉ በር ድረስ ሲደርስና ስምዎ ሲጠራ እኔ ሎጉን ከፍቼ አያለሁ። ፒንግ ሳደርግዎ በ2 ሚሊሰከንድ "አለሁ" ይሉኛል። የሌለው የመስኮት 4 ሠራተኛ ነው፤ ከረፋዱ ጀምሮ ኪቦርዱን የነካ ጣት የለም። "በሲስተም መጨናነቅ ምክንያት ዘገየ" ተብሎ ለበላይ አካል ሪፖርት የተደረገው ሰነድም ሳምንቱን ሙሉ ያደረው ኃላፊው ሳጥን ውስጥ ነው፤ አንዴም አልተከፈተም። ማን መቼ እንደገባ፣ ማን ምን ሳይከፍት እንደወጣ ሎጉ በሰዓትና በደቂቃ ጽፎታል። የሚያነበው ግን እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔ ደግሞ አልናገርም።

ይህ ዝምታዬ ታዲያ ምን አተረፈልኝ? የዚህ ግማሽ ዓመት የሥራ አፈጻጸም ምዘናዬ ተሞልቶ መጥቷል። በተግባቦት ከ5 የተሰጠኝ 2 ነው። የቅርብ ኃላፊዬ በአስተያየት መስጫው ላይ እንዲህ ብለዋል፦ ባለሙያው የሚያውቀውን ለባልደረቦቹ የማካፈል ልምድ ቢያዳብር መልካም ነው።

ስለዚህ ክቡርነትዎን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ከሥልጣንዎ ላይ ጥቂት ቆርሰው ይስጡኝ። ስብሰባ ሲጠራ፣ የቢሾፍቱው የቡድን ግንባታ ጉዞ ሲዘጋጅ፣ ኮሪደሩ ላይ "ጠፋህ እኮ" ሊባል ሲል አንድ ሰው "ረጅሙ የለም" ይበል፤ የሰማውም ሁሉ ያለ ጥያቄ ወንበር ይፈልግ። እርስዎ ዝም ሲሉ ይጠበቃሉ፤ እኔ ዝም ስል "ኩሩ ነው" እባላለሁ። ይህ በሁለት የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች መካከል የሚፈጸም አድልዎ ነው።

ፈቃዱ የማይገኝ ከሆነ ግን የኃላፊዬን ምክር ከመቀበል ሌላ ምርጫ የለኝም። ከመጪው ሰኞ ጀምሮ የማውቀውን ለባልደረቦቼ አካፍላለሁ። የምጀምረው ከሎጉ ነው።

ከማክበር ሰላምታ ጋር፣
ያ ረጅሙ
ከአይቲ ክፍል

ግልባጭ፦
ለሰው ሀብት አስተዳደር (ሲስተም ሲመጣ የሚደርሰው)
ለመስኮት 4 (ካለ)
ለጄኔሬተሩ