በመኪና ወደ ሮም፤ ከባሕር ማዶ የተላከ ደብዳቤ

ከፍራንክፈርት፣ ሰኔ 5 ቀን

ይድረስ ለክቡር አጎቴ፤

እኔ ከሥራው ብዛትና ከኑሮው ውድነት በቀር በእግዚአብሔር ቸርነት ደኅና ነኝ። በዚህ ደብዳቤ ውስጥ ስለ ሐዋላ አንዲት ቃል እንኳ ባለመኖሯ ግን እንዳያዝኑብኝ እለምንዎታለሁ፤ የዘንድሮው ጥሪቴ ሁሉ፣ ከዚህ ቀጥዬ በምተርክልዎ የጉዞ ጉባኤ ፊት ታስሮ የሚፈታበትን ቀን ይጠባበቃል።

ነገሩ እንዲህ ነው። እቁብ አብረን የምንጥል አምስት ሰዎች በዚህ በጋ አንድ መኪና ተከራይተን የአውሮፓን ጥንታውያን ከተሞች ለመጐብኘት ተስማማን። የዚህ አገር ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ከባለቤቱ ጋር አንድ ምሽት ተነጋግሮ፣ ሆቴሉን ይዞ፣ ሻንጣውን ጭኖ ይሄዳል። እኛ ግን ያለ ሹመት የተጀመረ ነገር ፍጻሜ እንደሌለው ከእርስዎ ከእድር ዳኛው ተምረናልና፣ ሊቀ መንበር፣ ጸሓፊ፣ ገንዘብ ያዥና ተቈጣጣሪ መረጥን፤ ከአምስታችን አራታችን ሹማምንት ስንሆን አንዱ ጐረምሳ ብቻ ተራ አባል ሆኖ ቀረ። ይሁን እንጂ የመንጃ ፈቃድ ያለው እርሱ ብቻ መሆኑ በኋላ ስለ ታወቀ፣ ዛሬ በጉባኤው መካከል ከሊቀ መንበሩ ይልቅ የሚፈራው ተራው አባል ነው።

ስለ ከተሞቹ ምርጫ የተነሣው ክርክር ብዙ ሰንበቶችን ፈጀ። ሊቀ መንበራችን ከኤፌል ግንብ ፊት ቆሞ ፎቶግራፍ ያልተነሣ ስደተኛ ባሕር ተሻግሯል ለማለት አይቻልም ብሎ ፓሪስን አቀረበ፤ ጐረምሳው የኳስ ሜዳውን ሊሳለም ሚላኖን አለ፤ ገንዘብ ያዥዋ የትም ባንሄድ ምን ያህል ገንዘብ እንደሚተርፈን አስልታ በጽሑፍ አመጣች። እኔ ጸሓፊው፣ ቃለ ጉባኤው እየወፈረ ሐሳቡ እየቀጠነ መሄዱን አይቼ፣ ፈረንጅ የሚያደንቀውን ከተማ ሁሉ ለማየት ዕድሜም ገንዘብም አይበቃንምና፣ አውሮፕላንና መኪና ባልነበረበት ዘመን አባቶቻችን የደረሱባቸውን ከተሞች ብቻ መርጠን ብንጐበኝ ለኪሳችንም ለክብራችንም ይስማማል ብዬ ተናገርሁ። ክብር የሚል ቃል በመስማታቸው ሁሉም እሺ አሉ። (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር መጻፌን ይወቁልኝ።)

የመጀመሪያዋ ጎታ ናት። ከዚህ ወደ ሰሜን ምሥራቅ 200 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ይህች ከተማ ፍሪደንሽታይን የተባለ ታላቅ ቤተ መንግሥት ያላት ስትሆን፣ የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ፣ በ1649 በሮም ከተዋወቁት ከሊቁ ከኢዮብ ሉዶልፍ ጋር ስለ ልሳናችንና ስለ ታሪካችን ሊነጋገሩ በ1652 በመስፍኑ በኤርነስት ፈቃድ የመጡባት ናት። ሉዶልፍ ከእርሳቸው በተማረው መሠረት የኢትዮጵያን ታሪክ በ1681፣ የአማርኛን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ደግሞ በ1698 እኔ በምኖርባት በፍራንክፈርት አሳተመ፤ ራሱ ግን አገራችንን በዐይኑ ሳያያት በ1704 እዚሁ ዐረፈ። ገንዘብ ያዥዋ ይህን በሰማች ጊዜ፣ «ሳይሄዱ ዐዋቂ መሆን ከተቻለ እኛስ ስለ ምን እንከፍላለን?» ብላ ነገሩን ከሥሩ ልትነቅለው ጥቂት ቀርቷት ነበር።

ከጎታ በኑረምበርግና በሙኒክ አልፈን ኦስትሪያ እንገባለን፤ ከዚያም የብሬነርን በር ተሻግረን ኢጣልያ እንወርዳለን። የሥራ ባልደረቦቼ የአልፕስን ተራራ ስም እየጠሩ ብዙ ስላስፈራሩኝ የብሬነር ከፍታ ስንት ነው ብዬ ብጠይቅ 1,370 ሜትር መሆኑን ነገሩኝ፤ እኔም ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነች ከተማ ተወልዶ ላደገ ሰው ይህ ቆላ መሆኑን በትሕትና አስረዳኋቸው።

ይሁን እንጂ ተራራው ያላስፈራንን ሕጉ አስፈራን። በአንዳንድ የጀርመን ከተሞች ለመግባት መስታወቱ ላይ አረንጓዴ ክብ ወረቀት መለጠፍ ያሻል፤ በኦስትሪያ አውራ ጎዳና ለመሄድ ሌላ ክፍያ አለ፤ ብሬነር ደግሞ በዚያ ላይ የራሱን ግብር ይጠይቃል፤ በኢጣልያ አውራ ጎዳና ሲገቡ ካርኒ ይቀበላሉ፣ ሲወጡ ይከፍላሉ። የፍሎረንስና የሮም ጥንታውያን ሰፈሮች ፈቃድ ለሌለው መኪና በተወሰነላቸው ሰዓት ዝግ ናቸው፤ የሚጠብቃቸውም ዘበኛ ሳይሆን ካሜራ ስለሆነ በልመና አይመለስም፤ ቅጣቱም ከወራት በኋላ በፖስታ እስከ ቤት ድረስ ይከተላል። በመኪናው ውስጥ የአደጋ ምልክት፣ የሚያንጸባርቅ ሰደርያና የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥን መኖሩን ተቈጣጣሪዋ፣ በዕድሜ የሁላችን ታላቅ ስለሆኑ እትዬ የምንላቸው እናታችን፣ መርምረው ካጸደቁ በኋላ፣ ከሣጥኑ ጐን የጸበል ጠርሙስ እንዲጨመር አዘዋል፤ ይህም በሙሉ ድምፅ አለፈ።

ቬኔዝያን የመረጡት እትዬ ናቸው። ጳጳስ ከመንበረ ማርቆስ ስናስመጣ የኖርን ሕዝብ የወንጌላዊውን ዐፅም ሳንሳለም ብናልፍ ነውር ነው ብለው አጥብቀው ተናገሩ። እኔም፣ ዐፅሙ ወደ ቬኔዝያ የሄደው በ828 ሁለት ነጋዴዎች ከእስክንድርያ ሠውረው ሲያወጡት መሆኑን፣ የኬላ ጠባቂዎቹም እንዳይፈትሹ በላዩ የእሪያ ሥጋ እንደ ከመሩበት ቬኔዝያውያን ራሳቸው እንደሚተርኩ ብነግራቸው፣ ለረጅም ጊዜ ዝም ካሉ በኋላ፣ «እንግዲያውስ ይቅርታ ለመጠየቅም መሄድ አለብን» አሉ። ጥቂቱ ክፍል በ1968 ወደ ግብጽ መመለሱንና በካይሮ አዲሱ ካቴድራል ሲመረቅ ግርማዊ ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መገኘታቸውን ስጨምርላቸው ልባቸው ተጽናና። መኪናችን ግን በ1933 የተከፈተውን ድልድይ እንደ ተሻገረ ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው እግርና ጀልባ ነው። እትዬ አባ ጎርጎርዮስ በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከብ ተሰብሮ በባሕር መሞታቸውን ከእኔው ሰምተዋልና ጀልባውን አልቀበልም ብለዋል።

ፍሎረንስን በተመለከተ ማንም አልተከራከረም፤ የጉባኤ ከተማ ናትና። ሊቃውንቱ በፌራራ የጀመሩትን ጉባኤ በ1439 ወደ እርሷ አዛውረው ሲከራከሩ፣ በኢየሩሳሌም ከነበሩት ገዳማውያን አባቶቻችን የተላኩ መልእክተኞች በ1441 ደረሱ። ፈረንጆቹ ንጉሣችሁ ቄስ ዮሐንስ እንደምን አለ ብለው ሲጠይቁ፣ መልእክተኞቹ በአገራቸው የሚነግሠው ዘርዐ ያዕቆብ መሆኑን እያስረዱ ደከሙ። ያ ጉባኤ ከከተማ ወደ ከተማ የተዛወረ ስለ ገንዘብና ስለ ወረርሽኝ ሲሆን የእኛው ከሳሎን ወደ ሳሎን የሚዛወረው ቡና በተፈላበት ነው።

የጉዟችን ፍጻሜ ሮም ናት። በዚያ በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን የነሐስ ደጃፍ ላይ በ1445 የተቀረጹትን እነዚያኑ መልእክተኞች፣ ከጀርባውም አባ ተስፋ ጽዮን የግእዙን ሐዲስ ኪዳን በ1548 ሲያሳትሙ የኖሩበትን የቅዱስ እስጢፋኖስን ቤት እናያለን። አበበ ቢቂላ በ1960 በባዶ እግሩ 42 ኪሎ ሜትር ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ድል የነሣበትን ጐዳና ጐረምሳው በዝግታ ሊነዳው ተስሏል፤ በዚያችው ከተማ የመኪና ማቆሚያ ለማግኘት ግን ከአበበ የበለጠ ጊዜ እንደሚያሻው ከወዲሁ አስመዝግቧል። ከሁሉ በላይ በ1937 ተዘርፎ የሄደው የአክሱም ሐውልት ቆሞበት የነበረውን አደባባይ እንጐበኛለን። ሐውልቱ በ2005 ወደ አገሩ ገብቷልና፣ ሌላው አገር ጐብኚ ያለውን ለማየት ወደ ሮም ሲጐርፍ፣ እኛ ከፍለን የምንሄደው የሌለውን አይተን ደስ ለመሰኘት ነው።

እንግዲህ ጉባኤው ሊፈታው ያልቻለውን ነገር በእርስዎ ፊት አቀርባለሁ። አሠሪዎቻችን ፈቃድ የሰጡን በነሐሴ ነው፤ ነሐሴም ከገባ ፍልሰታ ናት። ሊቀ መንበሩ መንገደኛ አይጾምም ሲል፣ እትዬ በለስላሳ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚሄድ ሰው ከመቼ ወዲህ መንገደኛ ተባለ ብለው መልስ አሳጡት። በሶውም፣ ድርቆሹም፣ ዳቦ ቆሎውም ተሰናድቷል፤ ነገር ግን ጐረምሳው የፍሎረንስን የታወቀ የበሬ ጥብስ ሳልቀምስ ከከተማዋ ከወጣሁ መሪውን አልይዝም ብሎ ዐድሟል፤ እርሱን ደግሞ መሻር አንችልም።

ስለዚህ ከደብሩ አለቃ ጋር ተማክረው፣ ጾሙን እየጾምን እንሂድ ወይስ እስኪፈታ እንቈይ፣ ፍርድዎን በማኅተም አትመው ይላኩልን። ጉዞውንም ለመንደሩ ሰው አይንገሩብኝ፤ የሮም ጫማ የሚያዝዝ ይበዛልና። መልስዎ እስከ ሰኔ 30 ይድረሰን፤ ከዚያ ወዲያ ሆቴሎቹ የተቀበሉትን ገንዘብ አይመልሱም።

ታዛዥ የእኅትዎ ልጅ