ገል ለምክክር ሲጠራ

የጥንት የቻይና ሸክላን ከዘመኑ ሠዓሊዎች ሥራ ጎን አቁሞ «ይመካከሩ» ማለት በዓለም ሙዚየሞች ፋሽን ሆኗል። የሶማሊላንዷ ሃርጌሳ ከዚህ በረከት ለምን ትቅር? እቅዱን በነጻ አቀርባለሁ፤ ስሜን ካታሎጉ ላይ ጎላ አድርጎ ማተም ይበቃኛል።

ዕቃ አለ ወይ? ሞልቶ! ቦረማ አጠገብ በአሙድ ፍርስራሽ፣ እንዲሁም ከዘይላ ፊት ለፊት ባለው የሰዓደዲን ደሴት፣ የቻይና ገል ተለቅሟል፤ አረንጓዴው ሴላዶን ሳይቀር። ደሴቱ ስሙን የወረሰው ከእኛ ነገሥታት ጋር ሲዋጋ እዚያው ከተገደለው ሱልጣን ነው። ይህን መግለጫው ላይ አንጽፍም፤ ጎብኚው አንዳች ነገር ሊማርበት ይችላል።

ከርል የሚባል ብሪታኒያዊ እ.ኤ.አ. በ1934 የእነ አሙድን ፍርስራሽ ቆፍሮ ያገኘው ገል ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ገብቷል። ስለዚህ ሃርጌሳ ላይ የምናሳየው የመስታወት ሳጥኑን ብቻ ነው። አትደንግጡ፤ ባዶ ሳጥን ራሱ የዘመኑ ጥበብ ነው! ከሥሩ «የሌለ ነገር ህልውና» የሚል የሁለት ገጽ ሐተታ እንለጥፋለን። ገሉ ቢኖር እኮ ጣጣው አያልቅም ነበር። በየትኛው መርከብ መጣ? ማን ገዛው? በየት በኩል ወደ ደጋው ወጣ? የሚል ተማሪ አይጠፋም። ድሬዳዋ አጠገብ ሐርላ ላይም የቻይና ዕቃ ተቆፍሮ ስለወጣ፣ «መንገዱን በካርታ አሳዩን» የሚሉም ይነሣሉ። ካርታ ደግሞ የአዳራሹን ድባብ ያበላሻል።

አሁን ለሳጥኑ ጥንድ ወደሚሆነው የዘመኑ ሥራ። ቻይናዊው ሠዓሊ አይ ዌይዌይ እ.ኤ.አ. በ1995 የሃን ዘመን እንስራ ከእጁ ለቆ ሲከሰክስ በሦስት ፎቶ አስቀርቶ ገነነበት። የአሙዱ ሸክላ ቀድሞ ስለተሰበረ ድካሙን ቀንሶልናል። ለሳጥኑ ጎረቤት የሚሆነው የሃርጌሳ ገንዘብ መንዛሪዎች መንገድ ዳር እንደ ጡብ የሚደረድሩት የሽልንግ እስር ነው፤ አዳራሽ ገብቶ ይቆለልና «ዋጋ ምንድን ነው?» ይባላል። መንዛሪውን አንጋብዝም፤ ዋጋውን ስለሚያውቅ ምክክሩን በአንድ ቃል ይዘጋብናል።

አንድ ችግር አለ፦ ሪባኑን ማን ይቁረጥ? ታይዋን እ.ኤ.አ. በ2020 ሃርጌሳ ላይ ቢሮ ከፍታለች፤ ቤጂንግ ይህን ስትሰማ ፊቷን አጥቁራለች። «ቻይና» ብለን ብንጽፍ አንዷ «የቷ ቻይና?» ማለቷ አይቀርም። ስለዚህ «ከወደ ምሥራቅ የመጣ» እንበል። ሸክላውን የሠራው ሰው ቅሬታ አያቀርብም።

የመክፈቻው ዕለት ለእንግዶች ሻይ የሚቀርበው ከገበያ በደርዘን በተገዛ የቻይና ሲኒ ነው። አንዱ ሹም በንግግሩ ማህል እጁን ሲያወናጭፍ ሲኒ ቢሰብር፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ሳትቀድመን ስብርባሪውን ለቅመን ሳጥኑ ውስጥ እንከታለን። የዐውደ ርዕዩ ብቸኛ የቻይና ዕቃ እሱ ስለሚሆን፣ ኢንሹራንስ ይገባለት።