የእናትን ፎቶ ጨርቅ ላይ ለማጥፋት ስድስት አስተማማኝ መንገዶች

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው አማኑኤል፣ እናት ከሞተች በኋላ በቤቱ የሚቀረው ፎቶ አንዳንዴ አንድ ብቻ ነው። ያንን ፎቶ ጨርቅ ላይ አትሞ፣ ከአሮጌ ቀሚሷ ቁራጭ ጋር ቀጣጥሎ የአልጋ ልብስ መስፋት ትልቅ ማስታወሻ ነው። ማበላሸት ለሚፈልግ ግን መንገዱ የሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ቅጂ ሳታስቀሩ ዋናውን ፎቶ ይዛችሁ ዙሩ። አንዱ ቤት ጠረጴዛ ላይ ይደር፣ ሌላው ጋ ሻይ ይፍሰስበት። ስካን የተደረገ ፎቶ መቶ ጊዜ ሊታተም ይችላል፤ የተቀደደው ብቸኛ ፎቶ ግን የሚመለስበት መንገድ የለም።

ሁለተኛ፣ ጨርቁ ከምን እንደተሠራ ሳታውቁ በሰብሊሜሽን አሳትሙ። በተለይ ጋቢ ላይ። የሰብሊሜሽን ቀለም በ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሙቀት ወደ ጋዝነት ተለውጦ ፖሊስተር ክር ውስጥ ይሰርጋል። ጥጥ አይቀበለውም። እኔ የአያቴን ፊት ያጣሁት በዚህ መንገድ ነው። ጋቢው ከማተሚያው ሲወጣ አይኗ ሳይቀር ያበራ ነበር፤ ከሦስተኛው አጠባ በኋላ ጥለቱ እንደደመቀ ቀረ፣ እሷ ግን ግራጫ ጥላ ሆነች። ከጨርቁ ጠርዝ አንድ ክር መዝዞ በክብሪት ማቃጠል ይበቃ ነበር። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል፣ አመዱም በጣት ሲነካ ይበናል። ፖሊስተር ይቀልጥና ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል።

ሦስተኛ፣ አዲስ አቡጀዲ ገዝታችሁ ሳታጥቡ አትሙበት። ፋብሪካ ክሩ ሲሸመን እንዳይበጠስ የሚቀባው ስታርች ብዙ ጊዜ ጨርቁ ላይ እንዳለ ነው። ቀለሙ ስታርቹ ላይ ያርፋል፤ ስታርቹ ሲታጠብም አብሮት ይሄዳል። ጥጡ ደግሞ ውኃ ሲያገኝ ይሰበሰባል፤ ፊቷም አብሮ ይጨማደዳል።

አራተኛ፣ ጨርቁን ጠጣር ሳታደርጉ፣ የተንጠለጠሉትንም ክሮች ሳትቆርጡ ቤት ባለው ፕሪንተር ውስጥ ክተቱት። ክሩ ይጠመጠማል፣ ጨርቁም መሐል ላይ ይታነቃል። የፕሪንተሩ ቀለም ምን ዓይነት እንደሆነም አትጠይቁ። ውኃ ውስጥ የሚሟሟው ቀለም ካልታከመ ጥጥ ላይ በቀላሉ ይለቃል፤ ፒግመንት የሚባለው ግን ውኃንም ፀሐይንም በተሻለ ይቋቋማል። ለመለየት፣ ትንሽ ቁራጭ ላይ አትሞ አንድ ቀን አቆይቶ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ መጫን ነው። ነጩ ጨርቅ ከቀለመ፣ ያ ፎቶ አጠባ አይችልም።

አምስተኛ፣ ለነጭ ጨርቅ በሚሆነው የማስተላለፊያ ወረቀት ስትጠቀሙ ምስሉን ሳትገለብጡ ተኩሱት። ስሟ ተጽፎበት ከሆነ ወደ ኋላ ይነበባል። ነጠላዋን የጣለችበት ትከሻም ይቀየራል፤ የሚያውቃት ሰው ሲያያት እንግዳ ትሆንበታለች። ካውያውንም በእንፋሎት አድርጉት፤ ወረቀቱ የሚፈልገው ደረቅ ሙቀት ስለሆነ ምስሉ ጨርቁን አይይዝም።

ስድስተኛ፣ ምስሉን እስከ ጨርቁ ጫፍ ድረስ አትሙት። ስትሰፉ ግንባሯ ስፌት ውስጥ ይገባል። ዙሪያውን 2 ሴንቲ ሜትር ባዶ ጠርዝ መተው ከዚህ ያድናል። ሰፍታችሁ ስትጨርሱ በበረኪና ዘፍዝፉት፣ ቀኑን ሙሉም ፀሐይ ላይ አስጡት። በቀዝቃዛ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ታጥቦ ጥላ ሥር ቢሰጣ ግን ዕድሜው ይረዝማል።

የጎጃም እናት ጋቢ ለማድረስ ጥጡን ትፈለቅቃለች፣ ትነድፋለች፣ ትፈትላለች፣ ከዚያ ለሸማኔ ትሰጣለች። አንዱን ዘልላ ወደ ሌላው አትሄድም። የእሷን ፊት ጨርቅ ላይ የሚያሳርፍ ልጅም ያንኑ ትዕግሥት ይዋስ፤ ክሩን ይፈትን፣ ጨርቁን ይጠብ፣ ቁራጭ ላይ ይሞክር።

ከሁሉ በፊት ግን ዛሬውኑ ፎቶውን ከግድግዳው አውርዱና ቅጂ አስቀሩለት። ጨርቁ ቢበላሽ ሌላ ጨርቅ ይገዛል።