የጀምስ ቦንድን ፋይል እንደ አዲስ ስለመክፈት የወጣ አዋጅ ቁጥር 007/2018

ስማ! ስማ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ከጌዶ ብርድ ወርደህ ወደ ባኮ የምታልፍ፣ እጃጂ ላይ ሻይ ልትጠጣ የወረድክ መንገደኛም ብትሆን፣ ብርጭቆህን አስቀምጥና ስማ!

ጀምስ ቦንድ የተባለው የእንግሊዝ ሰላይ እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ፣ በ25 ፊልሞች፣ ስድስት ተዋንያን እየተፈራረቁበት ሲሰልል የኖረ በመሆኑ (በዚህ አዋጅ የፊልም ዘመን ሁሉ በፈረንጅ ይቆጠራል)፤

ይኸው ሰው በ2021 በወጣው ፊልም አንድ ደሴት ላይ ሚሳኤል ዘንቦበት፣ ዓለም ዓይኑን ተክሎ እያየው የሞተ በመሆኑ፤

ሞቱ ሳያግደው አማዞን በ2025 የፊልሙን የፈጠራ ሥልጣን ከነባሮቹ አዘጋጅ ቤተሰቦች ተረክቦ፣ ዴኒ ቪልነቭን ዳይሬክተር አድርጎ፣ ሰውየውን “እንደ አዲስ” ሊያስጀምረው የተነሳ በመሆኑ፤

“እንደ አዲስ ጀምር” መባል ምን እንደሆነ ደግሞ የዚህ አዋጅ ጸሐፊ በገዛ ሆዱ ስለሚያውቀው፤

የሚከተለው ታውጇል።

አንቀጽ 1. አጭር ርዕስ
ይህ አዋጅ “የፋይል አዋጅ” ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

አንቀጽ 2. ትርጓሜ
“ሰላይ” ማለት በየደረሰበት ቁማር ቤት እውነተኛ ስሙን ከነአባቱ የሚናገር የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ጆሮ ጠቢን አይጨምርም። ጆሮ ጠቢ የሚናገረው የራሱን ስም ሳይሆን ያንተን ነው።
“ፋይል” ማለት ባለቤቱ ሲፈልገው የማይገኝ፣ ባለቤቱ ሲፈለግ ግን የሚገኝ ካርቶን ነው።

አንቀጽ 3. ስለ መጠጥ
ሰላዩ ማርቲኒውን አስንጦ መጠጣት ልማዱ ቢሆንም፣ በምዕራብ ሸዋ ዞን ውስጥ አምቦ ውሃ ንጦ መክፈት ክልክል ነው።

አንቀጽ 4. እንደ አዲስ ስለመጀመር
1/ ማንም ሰው እንደ አዲስ የሚጀምረው ፋይሉ ሲጠፋ ብቻ ነው። የቦንድ ፋይል ጠፍቶ አያውቅም። በ1969 በጆርጅ ላዘንቢ መልክ አገባ፤ ሚስቱ በሠርጓ ቀን ተገደለች። በ1981 በሮጀር ሙር መልክ መጥቶ መቃብሯ ላይ አበባ አኖረ። በ1989 ደግሞ፣ በቲሞቲ ዳልተን ጊዜ፣ ድሮ አግብቶ እንደነበር ወዳጁ አነሳለት። ሦስት መልክ፣ አንድ ሚስት፣ አንድ ፋይል። “ፎቶውና ሰውየው አይመሳሰሉም” ያለ የመዝገብ ቤት ሹም አልተገኘም። እኛም በእጃጂ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተኮልኩለን ስናየው፣ መልኩ ስለተለወጠ ገንዘቤን መልሱ ያለ አልነበረም።

2/ በንዑስ አንቀጽ 1 የተደነገገው ቢኖርም፣ መልኩ ያው፣ ስሙ ያው፣ ሰፈሩ ያው የሆነ የዚህ አዋጅ ጸሐፊ ፋይሉ ሊጠፋ ይችላል። በዚህ ጊዜ፦

ሀ) ሲወለድ ያዩት፣ ዘመዶቹ ያልሆኑ፣ የታደሰ መታወቂያ ያላቸው ሦስት ምስክሮች ያቀርባል፤

ለ) በፊደል ሀ የተደነገገው ቢኖርም፣ ሲወለድ ያዩት ጎረቤቶች አርጅተው አፈር ከገቡ፣ ሲወለድ ያላዩትን አቅርቦ “አይተናል” ያሰኛል፤

ሐ) በፊደል ለ የቀረቡት ምስክሮች የእነሱም ፋይል የጠፋ እንደሆነ፣ ለእያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ምስክር ይቀርባል፤ የምስክሮቹ ምስክሮችም እንደዚሁ፣ እጃጂ ውስጥ ሰው እስኪያልቅ፤

መ) ከፊደል ሀ እስከ ሐ የተደነገገው “ሰው ያለውን” ሰው አይመለከትም። ቦንድ ሰው አለው። የሱ ሰው በ2022 የፊልም ኩባንያውን ኤምጂኤምን ከ8 ቢሊዮን ዶላር በላይ አውጥቶ የገዛው አማዞን ነው። ስለሆነም ያለ ጉርድ ፎቶ፣ ያለ መሸኛ፣ ያለ ምስክር ይስተናገዳል፤

ሠ) ጸሐፊው ሰው የለውም።

3/ መስሪያ ቤቱን አልጠራም። መደርደሪያው ላይ ቦክስ ፋይሎቹ ጀርባቸውን ሰጥተውን ተደርድረዋል፤ በማርከር የተጻፈባቸው ዓመት ደብዝዟል፤ ግማሾቹ በሲባጎ ታስረው ወለል ላይ ናቸው። ሹሙ የሻይ ብርጭቆውን የሰው ማመልከቻ ላይ አስቀምጧል። ሲያነሳው የብርጭቆው ቂጥ ቀለበት ሠርቶ ቀረ፤ በዚያ ማመልከቻ ላይ ያየሁት ብቸኛ ማኅተም እሱ ነው። ቀና ሳይል፣ “ጋሼ፣ ፋይልዎ የለም። እንደ አዲስ ይጀምሩ” አለኝ።

ምኑን ነው እንደ አዲስ የምጀምረው? መወለዱን ነው? ፋይሉን እኔ ቤት አላሳደርኩት። ቁልፉ እኔ ዘንድ የለም። ስንት ዓመት ግብር የከፈልኩበት ደረሰኝ፣ የአባቴ ስም፣ አሥር ጣቴን ቀለም ነክሬ የሰጠሁት አሻራ ያለው እናንተ እጅ ነው። እናንተ ጣላችሁ፣ እኔ ልጀምር?

(ጸሐፊው ከአዋጅ ቋንቋ የወጣ በመሆኑ ይቅርታ ይደረግለት። ባይደረግለትም ግድ የለውም።)

4/ ከዚህ በላይ የተጻፈው ሁሉ ቢኖርም፣ ከኔ ፊት የነበረችውን ጥቁር ነጠላ የለበሰች ሴትዮ የሚመለከት ድንጋጌ እስካሁን አልተገኘም። ባሏ ሞቷል። የሞት ምስክር ወረቀት ፈልጋ ነው ከገጠር በእግሯ የመጣችው። የሟቹን መታወቂያ ተጠየቀች፤ ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ ሰጠች። “እናቴ፣ ይሄ ጊዜው አልፏል። መጀመሪያ ይታደስ” አላት ሹሙ። እሺ፣ ይታደስ። “ለእድሳት ባለቤቱ በአካል መቅረብ አለባቸው።”

ከወረፋው አንዱ ሳቀ። እኔንም ሳቅ ሳይቀድመኝ አልቀረም። ሴትዮዋ ግን የመንግሥት ቃል ነውና አላናናቀችውም። “ታዲያ መቼ ይዤው ልምጣ፣ ልጄ?” አለችው።

የቦንድን ሞት ያየ ሁሉ እዚህ ላይ ያስተውል። እሱ በሚሳኤል ሞቶ፣ የፊልሙ ጽሑፍ ወርዶ ሲያልቅ “ይመለሳል” ተብሎ ተጽፎለታል። የዚህች ሴት ባል ግን የሞተው አንዴ ነው። የወሳኝ ኩነት አዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደትን፣ ጋብቻን፣ ፍቺንና ሞትን እንመዘግባለን ሲል፣ ሟች ተነስቶ ወረፋ ይያዝ ያለ አይመስለኝም።

አንቀጽ 5. ስለ መብራት
መብራት ፊልሙ ሊያልቅ ሲል አይጠፋም።

አንቀጽ 6. እንደ አዲስ መጀመር ስለሚገባቸው ሰዎች
1/ በ2006 ቦንድ በዳንኤል ክሬግ መልክ ከዜሮ ጀመረ ተባለ። የመግደል ፈቃዱን ገና ያኔ ያወጣ ጀማሪ ተደረገ። አለቃው ግን ማን ሆና ተገኘች? ያቺው ጁዲ ዴንች፣ ከ1995 ጀምሮ ወንበሩ ላይ የነበረችው! ሠራተኛው እንደ አዲስ ሲቀጠር አለቃዋ ከወንበሯ ፈቀቅ አላለችም። ይህን ያየ የወረዳ ኃላፊ ሁሉ እንግሊዝ ከኛ ተምሮ ነው ብሎ ቢኮራ አይፈረድበትም።

2/ የቢሮው ጸሐፊ መኒፔኒም ብትሆን፣ ሎይስ ማክስዌል ከ1962 እስከ 1985 በ14 ፊልሞች ከዚያው ጠረጴዛ አልተነሳችም። ሾን ኮነሪ አለፈ፣ ላዘንቢ አለፈ፣ ሙር አረጀ፤ እሷ አለች። (ተዋናይቱን እወዳታለሁ፤ ጠቤ ከጠረጴዛው ጋር ነው።)

3/ ስለዚህ ቦንድ እንደ አዲስ መጀመር ያስፈልገው እንደሆነ ለሚጠይቅ ሁሉ መልሱ አያስፈልገውም ነው። መልኩን ይለውጡ፣ እንደ ልማዳቸው፤ ሰውየው ግን የቀበራትን ሚስቱን እያስታወሰ፣ ጠባሳውን እንደያዘ ይቀጥል። ሞቷል ከተባለም ሞቷል፤ ሌላ ሰላይ ይቀጠር። እንደ አዲስ የሚጀምሩት አለቃው፣ መዝገብ ቤቱና ባለ ሻይ ብርጭቆው ናቸው። ሦስት ምስክርም ያቅርቡ፤ ሥራ ሲሠሩ ያዩዋቸውን።

አንቀጽ 7. የተሻሩ ሕጎች
“ነገ ና”፣ “ሲስተም የለም” እና “ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው” የተባሉት ያልተጻፉ ሕጎች በዚህ አዋጅ ተሽረዋል።

አንቀጽ 8. የመሸጋገሪያ ድንጋጌ
ቪልነቭና አማዞን ይህን ሁሉ ሰምተው አሁንም እንደ አዲስ እንጀምራለን ካሉ፣ መብታቸው ነው። የመጀመሪያው ትዕይንት ግን እዚያ መስሪያ ቤት ኮሪደር ላይ ይቀረጻል። አዲሱ ቦንድ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ሱፉን እንደለበሰ ፋይሉን ፍለጋ መጥቶ ከኔ ኋላ ወረፋ ይይዛል። ሽጉጥ አውጥቶ መቅደም ክልክል ነው። ስሙን ሁለቴ መናገርም አይረዳውም፤ እዚያ የሚጠራው በቁጥር ነው፣ 007 ደግሞ ገና ብዙ ይቀረዋል። ጥቁር ነጠላ የለበሰችው ሴት ከፊታችን ናት። እሷ የባሏን ወረቀት ሳትይዝ ካሜራው ከዚያ ኮሪደር አይወጣም።