እሑድ ማታ ወይስ ሰኞ ማታ?

የዓመት ፈቃድ መውጣት ምክር አያሻውም። ፎርም ይሞላሉ፣ ፎርማኑ እያጉረመረመ ይፈርማል፣ ሻንጣዎን አንጠልጥለው አገር ቤት ይገባሉ። ምክር የሚያሻው መመለሱ ነው፤ በተለይ ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ በሦስት ሺፍት ለሚሠሩት ለእርስዎ።

መብትዎን ግን አስቀድመው ይወቁ። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን ሰጥቶ፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። የቀድሞው አዋጅ 377 ከ14 ተነሥቶ በየዓመቱ አንድ ይጨምር ነበር። ሲሰላ 5 ዓመት የሠራ ሰው በሁለቱም 18 ቀን ይደርሰዋል፤ ከዚያ ወዲያ አሮጌው ይበልጣል። አዲስ ገቢ ከሆኑ እንግዲህ ሕግ አውጪውን ይመርቁ። 15 ዓመት የከረሙ ከሆነ ስሌቱን ባይሞክሩት ለጤናዎ ይሻላል። ፈቃዱን በገንዘብ ልቀይር እንዳይሉ፤ ሥራ ላይ እስካሉ ድረስ አይፈቀድም።

አሁን ወደ ፈተናው። የሌሊት ሺፍት ነዎት እንበል፤ ከማታው 4 ሰዓት እስከ ጠዋት 12። ፎርሙ «ሰኞ ሥራ ይገባሉ» ይላል። በእርስዎ ቤት ቀን የሚለወጠው ሲነጋ ነው። አዋጁም የሳምንት ዕረፍትን የሚቆጥረው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማግስቱ ጠዋት 12 ነው። በሩ ላይ የተሰቀለው የጣት አሻራ ማሽን ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ቀን ይቀይርና አንዷን ሌሊት ለሁለት ይከፍላታል፤ 2 ሰዓቱን ለእሑድ፣ 6ቱን ለሰኞ። ሰኞ ማታ ቢመጡ ፎርማኑ «ትናንት የት ነበርክ?» ይልዎታል። እሑድ ማታ ቢመጡ ደግሞ ጥበቃው «ፈቃድ ላይ አይደለህም እንዴ?» ብሎ ከበር ይመልስዎታል። ሁለቱም ሲናገሩ እርግጠኞች ናቸው።

በዚያ ላይ እርስዎ ጠላዎን ሲጠጡ ሺፍቱ ዞሯል። ለባልደረባዎ ይደውሉ። «ሌሊት ነን መሰለኝ» ካለዎት አመስግነው ስልኩን ይዝጉና መሰለኝ የማይል ሰው ይፈልጉ።

የመንገዱን ነገር ሲቀጠሩ ቢያስቡበት ኖሮ ጥሩ ነበር። የጎጃም ልጅ ሱሉልታ፣ የአምቦ ልጅ ቡራዩ፣ የጅማ ልጅ ሰበታ ቢቀጠር አውቶቡሱ ራሱ ደጃፉ ያወርደዋል። የጎጃም ልጅ ሆነው ሰበታ ከተቀጠሩ ግን ሱሉልታን በመስኮት እያዩ ያልፋሉ፤ እንጦጦን ይወርዳሉ፣ አዲሱ ገበያ ላይ ታክሲ ይሰለፋሉ፣ ከተማውን ከዳር ዳር አቋርጠው አየር ጤና ሲደርሱ ሰርቪሱ ሄዷል። ሦስቱ ከተሞች ዛሬ ሸገር በሚባል አንድ ከተማ ሥር ናቸው፤ ይህ ግን የታክሲ ሰልፍ አያሳጥርም።

ካረፈዱም አይደንግጡ። በስድስት ወር ውስጥ በጽሑፍ እየተነገረዎት 8 ጊዜ ቢያረፍዱ ወይም በድምሩ 5 ቀን ቢቀሩ ያለ ማስጠንቀቂያ ይሰናበታሉ። ስለዚህ መቅረት ካማረዎ ማርፈድን ያስቀድሙ፤ በቁጥር ሦስት ይተርፍዎታል።

የእሑድና የሰኞው ጭቅጭቅ እንዳይመጣ ደግሞ፣ ፈቃድ ሳይወጡ ፎርሙ ላይ «ሰኞ» ከሚለው ጎን በራስዎ እጅ «ማታ 4 ሰዓት» ብለው ይጨምሩና ፎርማኑ ምሳ በልቶ ሲመለስ ያስፈርሙት። ከምሳ በፊት አይሞክሩ።