ጥፋቱ የእግሬ ነው

ሞተሩ ከአንድ መኪና፣ ካምቢዮው ከሌላ፣ የፍሪሲዮኑ ፖምፓ ደግሞ ከሱማሌ ተራ የመጣ ፒካፕ አለኝ። ምን ጎደለህ ብትሉኝ ጉልበት ብቻ።

አዲሱ ሞተር ከተገጠመ ወዲህ ፍሪሲዮን መርገጥ እንጦጦን በእግር እንደ መውጣት ሆነብኝ። ከመገናኛ ሳሪስ በዚያ መጨናነቅ ደርሼ ስወርድ ግራ እግሬ ብቻውን ይንቀጠቀጣል። ወደ ጋራዡ ተመለስኩ። ባለሙያው መኪናዋን ትቶ እግሬን አየት አደረገና «ጋሼ፣ ይለምዱታል» አለኝ። እውነቱን ነው። የቤት ኪራዩን ለምደን፣ የነዳጅ ሰልፉን ለምደን፣ ፍሪሲዮን ምን ብሎ ያቅተናል!

አልለምድ ስል አየር ገብቶበት ይሆናል ተባለ። ረዳቱ ልጅ መሪው ላይ ተቀመጠ፣ ባለሙያው ከሥር ተጋደመ፤ «ርገጥ! ያዝ! ልቀቅ!» እየተባለ ግማሽ ጠርሙስ የፍሬን ዘይት መሬቱን አጠጣን። አየር የገባበት ፍሪሲዮን ስፖንጅ የረገጡ ያህል ይሟሽሻል እንጂ አይደርቅም፤ የሚጨመቀው አየሩ ነዋ። ይህን ብናገር ግን «ያነበበ ደንበኛ» ልባል ነው፤ ጋራዥ ውስጥ ከዚህ የከፋ ስድብ የለም። ዝም አልኩ። ሲጨርሱ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ነበር። ባለሙያው በእጁ ጫን አደረገው፤ «አሁን ጠነከረ!» ብሎ እጁን በጨርቅ ጠረገ።

ከዚያ መቀያየር ሆነ። ሸራው፣ ስፒንጂ ዲስኮው፣ ኩሽኔታው። ካምቢዮው ሁለቴ ወረደ፣ ሁለቴም ከፈልኩ። መቼም አልዋሽም፣ ያለቀ ሸራ ፔዳል ያከብዳል፤ ቅባት የጠማው ኩሽኔታም፣ ከውስጡ አብጦ የጠበበ የጎማ ቱቦም እንዲሁ። በፍሬን ዘይት ፈንታ የሞተር ዘይት የሚጨምር ጀግና ካጋጠማችሁ ደግሞ ጎሚኒዎቹ ያብጡና ፖምፓው ይነክሳል። ግን ካምቢዮ ከማውረድ በፊት የአንድ ቁልፍ ሥራ አለ። የታችኛው ፖምፓ ላይ ያለችውን የአየር ማስወጫ ብሎን ላላ አድርጎ ፔዳሉን መርገጥ ነው። ያኔም ከደረቀ ሕመሙ ከላይ ነው፤ ፔዳሉ፣ የላይኛው ፖምፓ ወይ ቱቦው። ከቀለለ ግን ወይ ሕመሙ ከታች ነው፤ የታችኛው ፖምፓ፣ ኩሽኔታው፣ ሸራው ወይ ስፕሪንጉ፤ ወይ ደግሞ የሁለቱ ፖምፓዎች ልክ አልተስማማም። ምን ያደርጋል፣ ለዚህ የእጅ ዋጋ አይጠየቅበትም።

የኔው ቀለለ። የላይኛውን ፖምፓ ግራሶ ስጠርግ ገላው ላይ 3/4 የሚል ቁጥር ብቅ አለ። ዕቃ ቤት የጣልኩት የጥንቱ ፖምፓ 5/8 ይላል። ኢንች ነው። የፒስተኑ ስፋት ከውፍረቱ ጋር በካሬ ስለሚያድግ፣ የታችኛው ሳይቀየር ላይኛውን ከ5/8 ወደ 3/4 ያሳደገ ሰው እግሬ ላይ 44 በመቶ ጭኖበታል። ፓስካል የሚባል ፈረንሳዊ በ17ኛው መቶ ዘመን የጨረሰው ጉዳይ ነው። ቁጥሩን ለባለሙያው አሳየሁት።

«ጋሼ፣ ገጥሟል እኮ! ብሎኑ እንኳ አልተቀየረም።»

ገጥሟል። ቀዳዳው ከቀዳዳው ከገጠመ፣ ዘይት ካላፈሰሰ፣ ከዚያ ወዲያ መለኪያ ማውጣት ባለሙያን መጠራጠር ነው። ካሊፐር የባንክ ሠራተኛ ዕቃ ይመስል ማን ይይዛል?

ጎሚኒ አስቀይሬ 5/8ቱን አስመለስኩ። ፔዳሉ አሁን ትንሽ ጠልቆ ይወርዳል፤ ማርሹ ግን የኋላው እንኳ ሳይጮህ ይገባል፣ እግሬም መንቀጥቀጡን ተወ። 3/4ቱን ባለሙያው በቤንዚን አጥቦ፣ አብሶ፣ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠው። በሳምንቱ በዚያ ሳልፍ መደርደሪያው ባዶ ነበር፤ ደጅ ላይ አንድ ሚኒባስ ቆሞ ሾፌሩ ግራ ጉልበቱን ያሻል።